ልጄን እንዳላነሣ ያደረገኝ ወረቀት

ጀርባዬን የታመምኩት አንድ ማለዳ ልብስ የሞላ ገንዳ ሳነሣ ነው። ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ተሻለኝ፤ መልሶ ባሰብኝ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ አብሮኝ የሚነሣ፣ አብሮኝ የሚተኛ ሆነ። ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፏል። አምስቱን ዓመት አልዘረዝርም። ከመካከላቸው ግን አሥራ አራት ወራት በከንቱ ጠፍተውብኛል፤ ያጠፋቸውም ሕመሙ ሳይሆን አንድ ወረቀትና ወረቀቱ የተነበበልኝ መንገድ ነው። ምነው አንድ ሰው አስቀድሞ በነገረኝ እያልኩ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። ጠቅላላ ሐኪም የአሥር ቀን ማስታገሻ አዘዘልኝ። የደምና የሽንት ምርመራ ተደረገልኝ፤ ንጹሕ ነበር። ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቴ ደህና ነው ተባልኩ። መርፌ ተወጋሁ፤ ለሁለት ሳምንት ቀለል አለኝና ተመለሰ። የወገብ ቀበቶ ገዛሁ። በስድስተኛው ወር ያየችኝ ሐኪም ጉልበቴን በትንሿ መዶሻዋ መታ መታ አድርጋ፣ በተረከዜና በጣቶቼ አስረግጣ ካራመደችኝ በኋላ፣ "የሚያስፈራ ምልክት የለም። ኤምአርአይ አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልግዎት መንቀሳቀስ ነው" አለችኝ። ተናደድኩ። ሕመሜን የናቀችብኝ መሰለኝና ወደ ሌላ ሄድኩ። በዚያ ዘመን ካየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ ትክክለኛውን ነገር የነገረችኝ እርሷ ነበረች፤ ጥያት የሄድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ጥፋት ለማንም አላሻግረውም።

ኤምአርአይውን ያገኘሁት በውትወታ ነው። በአራተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ ውጤቱን በፖስታ አድርጎ በመስኮት ሰጠኝ። ሐኪሙ ፊት እስክቀርብ መታገሥ ስላልቻልኩ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ፣ ትራስ መሳዩ ነገር፣ ተበላሽቷል፤ ወደ ኋላም ገፋ ብሏል ይላል። ተበላሽቷል። ምግብ ይበላሻል፤ መኪና ይበላሻል። ስለ ገዛ አካሌ እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎ አይቼ አላውቅም ነበር። ከደረጃው የተነሣሁት ግድግዳውን ይዤ ነው፤ ውጤቱን ልቀበል ደረጃውን ስወጣ ግን ምንም ሳልይዝ ነበር የወጣሁት።

ከሳምንት በኋላ ስፔሻሊስቱ ፊት ቀረብኩ። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ አየው። ጀርባዬን አልነካም። ጎንበስ ይበሉ፣ ቀና ይበሉ አላለኝም። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ እንደሆነ አልጠየቀኝም። "ያለዎት የሰባ ዓመት ሰው አከርካሪ ነው" አለኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። "ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያንሡ፤ አይጎንበሱ። ካልተጠነቀቁ መጨረሻዎ ተሽከርካሪ ወንበር ነው።" ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ነበረኝ። "ልጄንስ፣ ዶክተር?" አልኩት። ከሚጽፈው ቀና ሳይል፣ "ልጅም ቢሆን ክብደት አለው" አለኝ።

ታዛዥ ታካሚ ሆንኩ። ልጄ እጆቹን ዘርግቶ ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር፤ በራሱ ታግሎ ጭኔ ላይ ይወጣል። ሲወድቅ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ ከዚያ ማልቀሱን ተወና፣ "እማዬ፣ ጀርባሽ ዛሬም ታሟል?" ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ጀመረ። እኔም ጫማዬን ስፈታ ትንፋሼን ይዤ፣ ከአልጋ ስነሣ እንደ ግንድ ተገልብጬ፣ ሳስነጥስ ግድግዳ ተደግፌ ኖርኩ። ቀበቶውን ሌሊት እንኳ አልፈታውም ነበር። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ ሕመሙ ቀነሰ? ከወገቤ ወደ መቀመጫዬ፣ ከዚያ ወደ ትከሻዬ ተስፋፋ። በስድስት ወር ውስጥ ልብስ ጀርባዬን ሲነካኝ የሚያቃጥለኝ ቀን መጣ። ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ በየቀኑ እወስድ ስለነበር ጨጓራዬ ታመመ፤ ትራማዶል የተባለ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ተጨመረልኝ። ዲስኩ ይበልጥ እየተበላሸ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አለመንቀሳቀሴ ጡንቻዬን እያሟሸሸ፣ ፍርሃቴ ደግሞ ነርቮቼን እየሳለ መሆኑን የነገረኝ የለም።

በአሥራ አንደኛው ወር ስፔሻሊስቱ ቀዶ ሕክምና አለ። ቀን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን ቀደም ብሎ የተነሡ ምስሎች ካሉ አምጪ ተባልኩ። ጀርባዬን ከመታመሜ ከሦስት ዓመት በፊት በኩላሊት ጠጠር ምክንያት ሆዴን ሲቲ ስካን ተነሥቼ ነበር። እርሱን ፍለጋ የመዝገብ ክፍል ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ምስሉን ያዘዘው ሐኪም ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ፤ ሐኪሙ መሥሪያ ቤቱን ለቋል። በሁለተኛው ቀን የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። በሦስተኛው አንዲት ሠራተኛ፣ "ምስሉ የተቋሙ ንብረት ነው፤ የእርስዎ አይደለም" አለችኝ። የሆዴ ፎቶግራፍ! ጀርባዬ እየተቃጠለ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝን ሰዓታት አልረሳቸውም። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሲዲውን ሰጡኝ። የቀዶ ሕክምናዬ ቀጠሮም በዚህ ምክንያት ተላለፈ። ያ መጓተት ከቢላዋ እንዳዳነኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላመሰግናቸውም። እኔን ለማዳን ብለው ያደረጉት አልነበረም።

ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያየልኝ አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው። የሆድ ሲቲ ስካን የወገብ አከርካሪንም ያሳያል። ዝም ብሎ ቆየና፣ "ይህ ዲስክ እኮ ያኔም እንዲሁ ነበር" አለኝ። "ያኔ ጀርባዎን ያምዎት ነበር?" አላመመኝም። ያኔ ገና ያላገባሁ፣ ዕቃ ተሸክሜ አራት ፎቅ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ዲስኬ ተበላሽቶ፣ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። እዚያው አለቀስኩ፤ በደስታ ግን አልነበረም።

ሁለቱን ምስሎች ይዤ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ተመለስኩ። "እንግዲህ ያኔም ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው" አለኝና የቀዶ ሕክምናውን ቀን ጠየቀኝ። ከዚያ ክፍል ወጥቼ አልተመለስኩም።

በኋላ ያነበብኩት ነገር ይበልጥ አናደደኝ፤ የተደበቀ ምስጢር አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ፣ ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል መርምሯል። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 96 በመቶው "የተበላሸ" ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። በ40 ዓመት ዕድሜ ግማሾቹ ወደ ውጭ የገፋ ዲስክ አላቸው። ሽበት ማለት ነው፤ የአከርካሪ ሽበት። ያ ወረቀት ከውጤቱ በታች ይህን አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ ልጄን አሥራ አራት ወር ሙሉ ከእቅፌ አላወርደውም ነበር።

በስድስተኛው ወር ወዳየችኝ ሐኪም ተመለስኩ። አፍሬ ነበር፤ እርሷ ግን አንድም ቃል አላነሣችብኝም። "ታዲያ ምንም ካልሆንኩ ለምን ያመኛል?" አልኳት። "ምንም አልሆኑም አላልኩም" አለችኝ። "እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የእርስዎ የነርቭ ሥርዓት እባብ አይቷል። አሁን ልጡንም እባብ ይለዋል።" ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ በሽታ እንደሚሆን የነገረችኝ እርሷ ናት። ሕብለ ሰረሰር፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ከሰውነት የሚመጣውን መልእክት እንደ በር ሊያጠብበውም ሊያሰፋውም እንደሚችል የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፈዋል። ሌላው ተመራማሪ ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጉዳት በኋላ የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ሆነው ቀላል ንክኪን ወደ ሕመም ሊለውጡ እንደሚችሉ አሳየ። ልብስ ሲነካኝ ያቃጠለኝ ለዚህ ነበር። እያበድኩ መስሎኝ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ከእኔ ዕድሜ ባላነሰ ጥናት ውስጥ ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 11ኛው እትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥር የሰደደ ሕመምን ራሱን በቻለ ምድብ አስቀምጦታል። ሐኪማችሁ "ምክንያቱ ስላልታየ የለም" ካላችሁ፣ ይህን ንገሩት።

ሕክምናው ራሱ ለማውራት የሚያጓጓ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቷ በቀን ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ደቂቃ እንድራመድ አዘዘችኝ፤ ቢያመኝም ስድስት፣ ባያመኝም ስድስት። በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ከባዱ ባያመኝም የሚለው ነው። ደህና በሆንኩበት ቀን ቤቱን ሁሉ ጠርጌ፣ አጥቤ፣ በማግስቱ እወድቅ ነበር፤ ያ ልማድ እስኪለቀኝ አራት ወር ፈጀ። ባዶ ቅርጫት ማንሣት፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ፣ ከዚያ አምስት። ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመሙ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ተሰጠኝ፤ አፌ ደረቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ፈዘዝኩ፤ ከዚያ ግን ሌሊቱን መተኛት ቻልኩ። እንቅልፍ ሲመለስ ሕመሙ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳይ ሲነግሩኝ ግን ስድስት ወር እንቢ አልኩ፤ "ውሸትሽን ነው" ያሉኝ መስሎኝ። እነዚያንም ስድስት ወራት አባከንኳቸው።

ትራማዶሉን በገዛ ፈቃዴ በአንድ ቀን አቆምኩት። አታድርጉት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ። ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 240 የጀርባ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመምተኞችን ለ12 ወራት ተከታትሎ፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ መድኃኒቶች ከሌሎች ማስታገሻዎች የተሻለ እንደማያንቀሳቅሱ አሳይቷል።

የማልስማማባቸው የተለመዱ ምክሮች አሉ። የሕመም ማስታወሻ በየቀኑ ያዙ ይላሉ። እኔ ለሦስት ወር ያዝኩና ቀኑን ሙሉ ሕመሜን እየለካሁ ዋልኩ። ደብተሩን ቀድጄ ምን እንደሠራሁ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፦ ስንት ደቂቃ ተራመድኩ፣ ምን አነሣሁ፣ ማንን ጠየቅኩ። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡ ሲሏችሁም ቁጥሩን ስጡና ወዲያው ማድረግ ያቃታችሁን ንገሩ። "ሰባት" ያልኩት ማንንም አላስደነገጠም፤ "ጫማዬን ማሰር አልችልም" ያልኩት ግን ምርመራውን ቀየረው። ቀበቶውን ጣሉት። ሰውነታችሁን ሳይነካ ምስል ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሐኪም ካጋጠማችሁ ተነሡና ሂዱ። የምስሎቻችሁን ቅጂ ግን በተነሣችሁበት ዕለት ውሰዱ፤ የመዝገብ ክፍል ደጅ እንዳትጠኑ።

መንቀሳቀስ ይሻላል ስል ሁሉንም ማለቴ አይደለም። በጭናችሁ መካከልና በመቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ እግራችሁ እየደከመ ከሄደ ሰዓት ሳታባክኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም ቀድሞ የነበረ ካንሰር ካለ ደግሞ ምስሉ የግድ ያስፈልጋል፤ እንደ እኔ ወትውቱ።

ዛሬም ያመኛል። ባለፈው ወር አራት ቀን ብሶብኝ ነበር፤ ስድስት ስድስት ደቂቃዬን ተራመድኩ፤ አለፈ። ልጄን መልሼ ያነሣሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ነው። አሥራ ሦስት ኪሎ ነበር፤ ቅርጫቱን በዚያው ልክ ስለማመድበት ነበር። ሳነሣው አንገቴን አልያዘም። እጆቹን ወደ ወለሉ ዘርግቶ፣ "እማዬ፣ አውርጂኝ፣ ጀርባሽ!" አለኝ።

አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። እቀፊኝ ማለት ትቷል።