ስምጥ ሸለቆን በእጅና በእግር

ሰሞኑን በጣም ደስ ያለኝን ነገር ላካፍላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ስምጥ ሸለቆ ስጠይቃቸው ደብተር ማገላበጥ ትተዋል። ሁለት መዳፋቸውን ይገጥማሉ፣ ቀስ ብለው ያለያዩታል፣ ከዚያ መናገር ይጀምራሉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ልጆች ሳይቀሩ እጃቸው ሲንቀሳቀስ ቃሉ ይመጣላቸዋል።

አጀማመሬን አላስረዝምም። መጀመሪያ ከሰሌዳው ሥር ወጥቼ በዴስኮቹ መሃል እየሄድኩ መናገር ለመድኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ ማድረግ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ተረት ተረት» ብዬ እገባለሁ፤ «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ጭምር ቀና ይላሉ። ነገሩ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። አቋቋም የሚማር የአብነት ተማሪ ዜማውን የሚይዘው ከመቋሚያውና ከእግሩ ጋር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ አሸርም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቋንቋን በትእዛዝና በእንቅስቃሴ ማስተማርን አስተዋውቋል፤ መምህሩ «ተነሱ» ይላል፣ ተማሪዎቹ ይነሳሉ። ከሁለቱም የወሰድኩት ቃሉና እንቅስቃሴው እኩል መምጣት እንዳለባቸው ነው።

አሁን ወዳስቸገረኝ ልምጣ። ለስምጥ ሸለቆው ልጆቹ በሦስት ረድፍ ይቆማሉ። ዳርና ዳር ያሉት ደጋው ናቸው፤ በምሥራቅ ሁላ፣ በምዕራብ ሆሳዕና። የመሃሉ ረድፍ ሁለቱን ተደግፎ ይቆማል። ዳሮቹ ወደ ኋላ ሲሉ መሃሉ ድጋፍ ያጣና ቁጢጥ ይላል። ሐዋሳ ያለችው እዚያ ቁጢጥ ያለው ረድፍ ላይ ናት።

የመጀመሪያው ችግር ፍጥነት ነበር። ልጆቹ ዱብ ዱብ ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ መሬት በአንድ ጀንበር የገባች ይመስላቸዋል። ስምጥ ሸለቆው ግን የሚሰፋው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእጃችን ጥፍር በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ሳይናገር የሚንቀሳቀስ የለም። «እየራቀ ነው» የሚለውን በረጅሙ እየጎተቱ፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እግራቸው አንድ ስንዝር ብቻ ይሄዳል። ሳቁ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

የባሰው ሌላ ነው። ሰውነት አንዴ የያዘውን ሥዕል ማስለቀቅ ከባድ ነው። ልጆቹ ሐዋሳ ሐይቅ ራሱ ስንጥቁ ነው ብለው ጻፉ። ሐይቁ ግን የተኛው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በተደረመሰ የጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በቃል አስረዳሁ፣ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ደብተራቸው ላይ ያርሙታል፤ ሲጠየቁ ግን እጃቸው ሄዶ ያንኑ ስንጥቅ ያሳያል።

የፈታው ሌላ እንቅስቃሴ ነው። ልጆች ክብ ሠርተው እጃቸውን ወደ መሃል ይዘረጉና ጣሪያ ይሆናሉ። ከሥር ሁለት ልጆች ጣሪያውን በመዳፋቸው ደግፈው ይቀመጣሉ። እነሱ ቅልጥ ዐለቱ ናቸው። «ፈነዳ» ሲባል ሾልከው ይወጣሉ፣ ጣሪያው ይወርዳል። ከዚያ አንዲት ልጅ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ጥቁር ውኃ ወንዝ ሆና ትገባለች። መውጫ ስትፈልግ ሁሉም ትከሻቸውን ገጥመው ይዘጉባታል፤ ዞራ ዞራ እዚያው ትቀራለች። ሐይቁ በምድር ገጽ የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው ከዚያ ወዲህ የረሳ ልጅ አላጋጠመኝም።

ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ጎን ለጎን አሠራቸውና ልዩነቱን እየተናገሩ እንዲያሳዩ አደርጋለሁ። ከዚያ እጅ ዴስክ ሥር ይገባል፤ ያንኑ በቃል ብቻ ይደግሙታል። መጨረሻ ላይ ይጽፋሉ። እጅ ታስሮ የሚነገረውን ደረጃ የምትዘሉት ከሆነ ዴስክ ለማንሳት ባትደክሙ ይሻላል።

«ዓይናችሁን ጨፍኑና አስቡ» የሚለውን ዘዴ ደግሞ ጨርሶ አልወደውም። በትልቅ ክፍል ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ጎረቤቱን በአንድ ዓይኑ ያያል። ምናብ የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። «እዚሁ ከተማችን ታቦር ተራራ ላይ ቆማችኋል፤ ሐይቁ በየት በኩል ነው?» ስላቸው ዓይናቸው እንደተከፈተ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ይዞራል። ነፋሱን ጠይቋቸው፣ የዓሣውን ሽታ ጠይቋቸው። እኛም ስንናገር እያየነው ካልሆነ ልጆቹ ወዲያው ያውቁብናል።

ያልቀናኝም አለ። ሰው ፊት መንቀሳቀስ የሚያሳፍራቸው ልጆች አሉ፤ በግድ ማስነሳት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ዴስካቸው ላይ በጣታቸው እንዲሠሩት ፈቅጄላቸዋለሁ፤ እንደሌሎቹ ሲይዙት ግን አላየሁም። የ40 ደቂቃው ፔሬድም አይበቃም። ዴስክ ማንሳቱና መመለሱ ብዙውን ይበላዋል። ቀጣዩ ምዕራፍ የአየር ንብረት ነው፤ ነፋስ ደጋ ወጥቶ ዝናቡን ሲያራግፍ ልጆቹ ከተቀመጡበት ሳይነሱ እንዴት እንደሚሠሩት ገና አልመጣልኝም። የሞከራችሁት ካለ ጻፉልኝ።