ግራው ቤዝ፣ ቀኙ ዜማ፤ ሮክ በስቲክ ጣና ዳር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቅዳሜ ማታ ብቻዬን እጫወታለሁ። ድራመር የለም፣ ቤዚስት የለም፣ ዘፋኝም የለም። የምጫወተው የፈረንጆቹን የ60ዎቹንና የ70ዎቹን ሮክ ነው። መሣሪያዬ ስቲክ ይባላል። "ጊታር ነው ወይስ ክራር?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ስቲክ ሰፋ ያለ የጊታር አንገት ብቻ ነው፣ ሆድ የለውም። የኔው 10 ክር አለው፤ ባለ 12ም አለ። (የበገናም አውታር 10 ነው፣ ይሄን ስነግራቸው እዚህ ሰዎች ደስ ይላቸዋል።) በትከሻ ማንገቻና ቀበቶ ላይ በሚገባ መንጠቆ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ ክራር አይገረፍም፣ እንደ በገናም አይደረደርም። ክሩን በጣት ጫፍ ፍሬቱ (አንገቱን አግድም የሚከፍለው ዘንግ) ላይ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው፣ ድምፁ እዚያው ይወጣል። አንድ ድምፅ ለማውጣት አንድ ጣት ስለሚበቃ ሁለቱ እጆች የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ።

የፈጠረው ኤሜት ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ጊታሪስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለት እጁን ከሁለት ወገን አምጥቶ፣ ጣቶቹን ከፍሬቶቹ ጎን ለጎን ዘርግቶ መጫወት ጀመረ፤ በ1974 መሣሪያው ለገበያ ወጣ። የሮክ ሰው ግን ያወቀው በቤዚስቱ በቶኒ ሌቪን እጅ ነው፣ ከኪንግ ክሪምሰን ባንድና ከዘፋኙ ከፒተር ገብርኤል ጋር ሲጫወት።

እኔን የማረከኝ ቅኝቱ ነው። የዜማው ክሮች በአራተኛ ይራራቃሉ (ከአንዱ ክር ድምፅ ተነስታችሁ ዶ ሬ ሚ ፋ ብላችሁ ስትቆጥሩ አራተኛው የጎረቤቱ ነው)፣ የቤዙ፣ የወፍራሙ ድምፅ፣ በአምስተኛ። ለሮክ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው! ሮክ ጊታሪስት ሌት ተቀን የሚመታው ፓወር ኮርድ አብረው የሚመቱ ሁለት ድምፆች፣ መነሻውና አምስተኛው ነው፤ ስቲክ ላይ ሁለት ጎረቤት የቤዝ ክሮችን አንድ ፍሬት ላይ መጫን ነው፣ አለቀ። የዲፕ ፐርፕል ባንድን "ስሞክ ኦን ዘ ዋተር" (ጭስ ውሃው ላይ) ውሰዱ፣ በ1972 የወጣውን። ያቺ ጊታር የነካ ሁሉ የሚሞክራት ሪፍ፣ እየተደጋገመች የምትመጣው አጭር ሐረግ፣ በአራተኛ ተራርቀው አብረው የሚሄዱ ሁለት ድምፆች ናት። ስለዚህ በዜማው በኩል ሁለት ጎረቤት ክሮችን አንድ ፍሬት ላይ ይዤ ከፍ ዝቅ ስል ሪፏ ትመጣለች፣ ግራ እጄ ደግሞ ቤዙን ጂ በሚባለው ድምፅ ላይ ሳያቋርጥ ይረግጣል። ዘፈኑ የሐይቅ ዳር ታሪክ ነው። በ1971 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ከተማ፣ በአሜሪካዊው ሮከር በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት መሀል ካዚኖው ተቃጠለ፤ ጭሱ ጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲነጠፍ አይተው ነው የጻፉት። ጣና ዳር ይሄን ሳላወራ አልጀምረውም።

"አንተ እኮ ለብቻህ ባንድ ነህ" ይሉኛል። አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም። ዋናው ሥራ የሚተወውን መምረጥ ነው። አራት አምስት ሰው የተጫወተውን ሁሉ ላምጣ ካልኩ አሥር ጣት አይበቃም፣ ቢበቃም ጫጫታ ነው የሚሆነው። ቤዙንና የዘፋኙን ዜማ እይዛለሁ። ኪቦርዱ ይቀራል፣ ሪዝም ጊታሩም ይቀራል፣ ማንም አይፈልጋቸውም።

ከባዱ ድራሙ ነው። ድራሙን የሚሸከመው ቤዙ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ጣት የምታነሱበት ጊዜ ከምትጫኑበት እኩል ይቆጠራል። ስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚጮኸው የድራሙ ከበሮ) የሚመታበት ቦታ ላይ ስደርስ የቤዙን ድምፅ ቁርጥ አደርገዋለሁ። ጆሮ ያቺን ክፍተት እንደ ምት ይቀበላታል፣ የሰዉ እግር ጠረጴዛ ስር እሷ ላይ ሲመታ በዓይኔ አያለሁ።

የዘ ዶርስ ባንድ ዘፈኖች ደግሞ በጣም ይመቹኛል። መድረክ ላይ ቤዚስት አልነበራቸውም፤ ኪቦርዲስታቸው ሬይ ማንዛሬክ በግራው ቤዙን፣ በቀኙ ኦርጋኑን ይጫወት ነበር። ሁለት እጅ የተካፈለው ሙዚቃ ስለሆነ ብዙ መቀነስ አያስፈልገውም።

ማሲንቆ ሲጫወቱ የኖሩ አንድ አባት አንድ ማታ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ግራህ ቀኝህን ዋጠው። ዘፋኙን አሰማኝ እንጂ።"

"እሺ አባባ፣ አሁኑኑ።"

ልክ ነበሩ። የስቲክ ድምፅ በሁለት መስመር ነው የሚወጣው፣ ቤዙ ለብቻ ዜማው ለብቻ። የቤዙን ዝቅ፣ የዜማውን ከፍ አደረግኩት። እንግሊዝኛውን የማይሰማ አድማጭ ግጥም የለውም፣ ያለው ዜማው ብቻ ነው፤ ያ ከጠፋበት ሁሉም ጠፋበት።

የጊታር ሶሎው ላይ ስደርስ ደግሞ ወደ ቤት እመጣለሁ። ሮከሮቹ ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ በሚባለው ቅኝት የሚጫወቷቸው አምስት ድምፆች፣ ኤ ሲ ዲ ኢ ጂ፣ ከሲ የሚነሳው የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፤ የሚለየው የሚያርፉበት ቦታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን የሶሎ ድምፅ አልለቅምም። ቤዙን ወደ ሲ አዞረውና ቀኜ እዚያው አምስቱ ላይ ይቆያል፣ ቀስ ይላል፣ ሲ ላይ ያርፋል። ትከሻ መነቅነቅ ይጀመራል። ከዚያ ግራዬ ወደ ኤ ሲመለስ ሮኩ ተመለሰ ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕ አለችኝ፣ ለካፌው ትበቃለች። ክር ግን እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚደርሰኝ።

መሞከር የምትፈልጉ ስቲክ እስክታገኙ አትጠብቁ። ኤሌክትሪክ ጊታር ካላችሁ ክሮቹን ወደ ፍሬቱ ዝቅ አድርጉ፣ አንገቱ ጫፍ፣ አንደኛው ፍሬት አካባቢ፣ የፀጉር ማስያዣ ወይም ቁራጭ ጨርቅ እሰሩበት፣ ያልተነኩት ክሮች እንዳይጮኹ። ከዚያ የቤዙን መስመር በግራ እጅ ብቻ፣ ከሰው ጋር እያወራችሁ መጫወት እስክትችሉ ድረስ ደጋግሙት። ቀኝ እጃችሁን ከዚያ በፊት አታስገቡ።