ቁራሌው ደረሰኝ አይሰጥም

የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ገና ሳልከፍተው ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። የፕሮጀክቱ ዓላማ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ የተጠቃሚዎች ብዛት፣ የጊዜ ሰሌዳ። ሰዓሊ ሳይሆን የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው የሚሞላው ነው የሚመስለው። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ሰዓሊዎች ተብሎ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ወጥቷል። አንድ የማውቀው ልጅ እንዳግዘው ጠየቀኝና ትናንት ማታ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለን ስንሞላ አመሸን። ቀን አይታሰብም፤ የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልጁ ባጃጅ ቀቢ ነው። ጋራዥ ውስጥ ይውላል፤ ጥቅስ ይጽፋል፣ አንበሳ ይስላል፣ የተጫረውን ይሸፍናል። ለራሱ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ከቁራሌው አሮጌ ላሜራ ይገዛል፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግና ከፊሉን አንስቶ ከፊሉን ይተወዋል። እዚያ ላይ በመኪና ቀለም፣ በሾፌሩ መስታወት ውስጥ የሚታይ ተሳፋሪ ይስላል። መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ ሙሉ ፊት አይገባም፤ አንድ ዓይንና የሻሽ ጠርዝ፣ ወይም አገጭና ስልክ የያዘ እጅ። ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ብሩሽ አያሳርፍም፣ ዝገቱ ራሱ ጥላ ይሆንለታል። ስንት ዓመት ሥዕል ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አልገጠመኝም።

ቅጹ "ይህ ድጋፍ ሥራህን ወዴት ያሳድገዋል?" ብሎ ይጠይቃል። በአማርኛ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና፦

"አቦ ቲቸር፣ ሳልሠራው እንዴት ነው የማውቀው?"

መልሱ ይኸው ነበር እኮ። ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍማ! ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ሞላሁለት፤ ሳነበው የሱ አንድ ቃል የለበትም።

አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሰዓሊ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ ቢሆን "ከተፈቀደው ዓላማ ውጭ" ተብሎ ገንዘቡን መልስ ይባል ነበር። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እንደ ፈረንጆቹ በ1955 በመንግሥት ወጪ ለንደን ሄደ፣ ከዚያ ፓሪስ ተሻግሮ ዓመታት ኖረ። ከጎረቤታችን ከሐረር የወጣው ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ነው የመጣው። እርግጥ ያኔ ዕድሉ የጥቂቶች ነበር፤ የዚያን ዘመን አሠራር መልሱልን እያልኩ አይደለም። ግን እነዚያ ሰዎች ከብሩ ይልቅ ያገኙት ጊዜ ነው። ሠርቶ የማበላሸት፣ ደግሞ የመጀመር ጊዜ።

እኔም አንድ ወቅት እንዲህ ያለ ድጋፍ ደርሶኝ ነበር። የሰጪውን ስም እዚህ አላነሳም። ግማሹ ቀድሞ ተሰጠኝ፣ ቀሪው ሪፖርትና ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነበር። የመዝጊያ ኤግዚቢሽን ግዴታ ስለነበር ባነር አሠራሁ፣ ለእንግዳ ውኃና ለስላሳ ገዛሁ፣ ፎቶ አንሺ ቀጠርኩ። ከዚያ የተረፈው ለቀለም ሆነ። አቡጀዲ ወጥሬ፣ ኮላና ነጭ ቀለም ደርቤ ነው የሠራሁት፤ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ ከመዝጊያው በኋላ ስለ ሥዕሎቹ አንድም ጥያቄ ያቀረበልኝ አለመኖሩ ነው። ስለ አንድ የጠፋ የትራንስፖርት ደረሰኝ ግን ደጋግመው ደወሉልኝ።

ገንዘቡ አነስተኛ መሆኑ ለእኔ ችግር አይደለም። እንደውም አነስተኛ ሆኖ ለብዙ ሰው ቢዳረስ ይሻላል እላለሁ። የሆላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ ለጀማሪ አርቲስቶች 5,000 ዩሮ ይሰጣል፣ አጠቃቀሙንም ለራሳቸው ይተዋል። እኛ ጋ ከዚያ ሩብ እንኳ ብዙ ነገር ይሠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚገባ የቱቦ ቀለምማ ዋጋውን ጠይቆ መመለስ ሆኗል። ልጁ ግን የቱቦ ቀለም አይፈልግም። የሚፈልገው በር ያለው ክፍልና ከጋራዥ የሚያስቀረው ሦስት ወር ነው። አሁን የሚሠራው ንጋት ላይና ማታ ነው፤ ከቀትር በኋላ ቢሞክር በዚያ ሙቀት ቀለሙ ከላይ ቆዳ ያበጅና ከሥር እርጥብ ሆኖ ይሸበሸባል።

የቅጹ መመሪያ ደግሞ "የግል መተዳደሪያ ወጪ አይሸፈንም" ይላል። ፍሬም ይሸፈናል፣ ኅትመት ይሸፈናል፣ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻ ይሸፈናል። ፍሬም የሚሠራው አናጺ ይከፈለዋል፣ ሥዕሉን የሚሠራው ሰው ግን ምን እየበላ እንደሚሠራ አይጠየቅም። ይህንን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚገባላቸው ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እኔ እልኸኛ ነኝ። "ሌሎች ወጪዎች" በሚለው ሥር የክፍል ኪራይና ከጋራዥ ለሚቀርበት ገቢ ማካካሻ ብዬ ጻፍኩ፤ ከፈለጉ ራሳቸው ይሰርዙት። ልጁ ፈራ። "በዚህ ሰበብ ቢጥሉኝስ?" አለኝ። ተከራከርን፣ ማመልከቻው የሱ ነውና እሱ አሸነፈ። ኪራዩን እንዳለ ትተን ማካካሻውን ሰረዝነው።

ቀጥሎ የዕቃ ዝርዝር መጣ። እያንዳንዱ ግዢ ቲን ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይወራረዳል ይላል። ተያየንና ሳቅን። ትንሽ ጋሪ እየገፋ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ቁራሌው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቆርጦ ሲሰጥ ታየኝ! ምርጫ የለንም፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አዲስ ላሜራ እንደሚገዛ አድርገን ሞላነው። ከአሮጌው ጋር ዋጋው አይገናኝም፤ በዚያ ላይ ዝገት የለውም።

"ታዲያ ዝገቱን ከየት ታመጣዋለህ?" አልኩት።

"ጨው በውኃ በጥብጬ እረጭበታለሁ ቲቸር፣ ፀሐይ ላይ ሳምንት አይፈጅም።"

ጨዉን በጀቱ ውስጥ አላስገባነውም። እሱም ደረሰኝ የለውም።