«ጥቁር ነው?» የምትለዋ ሳጥን

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ የጠዋት ራውንድ። አልጋው ላይ የተኙት የ58 ዓመት የቡና ገበሬ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን 1000 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ከጡንቻ የሚመጣውና ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ ክሪያቲኒናቸው፣ 2.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወጥቷል። ኢንተርኑ ስልኩን አውጥቶ የኩላሊት ማስሊያ አፕ ላይ ዕድሜ፣ ጾታና ክሪያቲኒን አስገባ። አፑ አንድ ጥያቄ ቀረው፦ ጥቁር ነው? አዎ ወይስ አይደለም?

«እዚህ ዋርድ ውስጥ ጥቁር ያልሆነ ማን አለ?» ብሎ ሳቀና «አዎ»ን ነካ። የኩላሊት የማጣራት አቅም፣ ጂኤፍአር፣ 32 ሆነ። ጂኤፍአር ከ30 እስከ 45 ሲሆን የሜትፎርሚን መጠን በግማሽ ስለሚቀነስ፣ ቻርቱ ላይ 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ብሎ ጻፈ። ደንቡን አልሳተም፤ የሳተው ቁጥሩ ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲስቷ ቻርቱን አገላብጣ፣ «ዶክተር፣ ይሄ 32 ከየት መጣ?» አለች። እዚያው ቆማ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር አሰላችው፤ 29። አፑ የተጠቀመው እ.ኤ.አ. የ2009ኙን ቀመር፣ ሲኬዲ-ኢፒአይን፣ ነበር። እሱ ሳጥኗ ባዶ ስትተው 27 ይሰጣል፤ ምልክት ሲደረግባት ውጤቱን በ1.159 ያባዛና 32 ያደርገዋል። ደሙ ያው አንድ ቱቦ ደም ነው። ከ30 በታች ሜትፎርሚን ይቆማል፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ይጠራቀምና ላክቲክ አሲዶሲስ፣ ማለትም ደም ውስጥ አደገኛ የአሲድ ክምችት፣ ሊያመጣ ይችላል። በዚያው ጠዋት ቆመ፤ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ተጀመረላቸው።

ማባዣው ከአሜሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የቀድሞው ቀመር፣ ኤምዲአርዲ፣ ጥቁር ለተባለ ሰው በ1.18 ያባዛ ነበር። በጥናቱ የገቡት ጥቁር አሜሪካውያን ክሪያቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ብሎ ስለተገኘ «ጡንቻቸው ስለሚበዛ ይሆናል» ተባለና ግምቱ ቀመር ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኚህ ሰውዬ ግን የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዳቸውን ሁለት ዙር ሊጠቀልል ምንም አልቀረውም። ጡንቻ ያነሰው ሰው ክሪያቲኒኑም ያንሳል፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ29ም በታች ሊሆን ይችላል። «ጥቁር» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ዓይነት ሰው የሚገልጽ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘው፣ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጠው የአፖል1 ጂን ዓይነት ኢትዮጵያውያን ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሳጥኗ ግን ሁለቱንም አንድ አድርጋ ትቆጥራለች።

አሜሪካ ውስጥ ያስከተለው ጉዳት ከአንድ መድኃኒት መጠን የከፋ ነው። እዚያ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የወረፋ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ጂኤፍአር 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ አለዚያም ዳያሊሲስ ሲጀመር ነው። ጥቁሩ ታማሚ ወረቀቱ ላይ 20 እስኪታይ፣ ያለ ማባዣው ቢሰላ 17 ገደማ መድረስ ነበረበት። ነጩ ወረፋ ሲይዝ እሱ «ገና ነህ» ይባል ነበር። ክፉ ሐኪም አያስፈልግም ነበር፤ ማባዛት ብቻውን ይበቃ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ከሕዝቡ 13 በመቶ ገደማ ሆነው ሳለ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ይይዛሉ። ያለ ኢንሹራንስ የቆየ የደም ግፊት፣ ዘግይቶ የተያዘ ስኳር፣ በዘር ተከፋፍለው የተገነቡ ሰፈሮች፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ቀመሩ ደግሞ በላዩ ላይ ተጨመረበት። በ2021 የሁለት የኩላሊት ማኅበራት የጋራ ቡድን ላቦራቶሪዎች ዘር የሌለበትን ቀመር እንዲይዙ መከረ፤ በጥር 2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በማባዣው ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ታማሚዎችን የወረፋ ጊዜ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ።

ወደ ዋርዱ ስንመለስ፣ አፕ መቀየር ብቻውን አይበቃም። የትኛውም ቀመር የሚሠራው ክሪያቲኒኑ ከረጋ ነው። የእኚህ ሰው ካርድ ላይ ከአራት ወር በፊት 2.4 ተጽፎ ስለነበር ማስላቱ ተገቢ ነበር። ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ ከርሞ የመጣ፣ ቁጥሩ በየቀኑ የሚዋዥቅ ታማሚ ላይ ግን 29ም 32ም ትርጉም የለውም። ደም ውስጥ ኪቶን፣ ማለትም ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጥረው ነገር፣ ካለ ደግሞ፣ ክሪያቲኒንን በቀለም ለውጥ በሚለካው በጃፌ ዘዴ የሚሠራ ማሽን ከእውነቱ አስበልጦ ሊያሳይ ስለሚችል ኪቶኑ ሲጠፋ እንደገና መለካት ነው። የሽንት ፕሮቲንም አብሮ ይታያል።

ኢንተርኑ የድሮውን አፕ አጠፋው። የላቦራቶሪው የውጤት ወረቀት ግን ከሥሩ «ጥቁር ከሆነ በ1.159 ይባዛ» እንደሚል ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚያድስ ሰው እስኪመጣ ድረስ የጠዋት ተረኛዋ ሲስተር መስመሩን በእስክሪብቶ ትሰርዘዋለች።