ስሜ የተለጠፈበት ግቢ

በ1977 ዓ.ም. ክረምት ስሜ አራት ኪሎ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ግቢ ተለጥፎ ነበር። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አነበብኩት። ምሕንድስና፣ ሶቭየት ኅብረት። እናቴ ስነግራት አልጮኸችም። የለበሰችውን ጋቢ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ጋቢው ዛሬም ፍራንክፈርት፣ ቤቴ አለ።

ካርኮቭ ገባን። አንድ ዓመት ሩስኪ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ትምህርት። በወር 90 ሩብል ይሰጡናል። ገንዘቡ የእነሱ ቢሆንም መርጣ የላከችን፣ ይመለሳሉ ብላ የጠበቀችን አገራችን ነበረች። ያውም በዚያ የድርቅ ዘመን።

ዲፕሎማችንን ልንቀበል ጥቂት ሲቀረን፣ ግንቦት 1983 ላይ የላከን መንግሥት ወደቀ። በሰባተኛው ወር የተቀበለችንም አገር ፈረሰች። አንድ ሌሊት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ድስት ድንች ከበን "እንግባ ወይስ እንቅር?" ስንባባል ነጋ። እሱ ገባ። እኔ ባቡር ተሳፍሬ ወደ ጀርመን ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ወጣሁ። የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ከእኛ በፊት የተላኩት ትዝ አሉኝ። ዶክተር መላኩ በያንን አልጋ ወራሽ ተፈሪ አሜሪካ ልከዋቸው፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ተመለሱ። ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ግን ተመለሱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ፋሽስቶቹ የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ገደሉት። ባሕር ማዶ ተምረው የገቡት ብዙዎቹ ያኔ አለቁ። እኔን ግን የሚገድለኝ አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ጓደኛዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። አቅፎኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ አገር ሲያስተምር ኖሯል። ቡና ይዘን እንደተቀመጥን አንድ ቀጭን ልጅ ጎንበስ ብሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ስኮላርሺፑን ላመለክት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?"

"ነገ ጠዋት ቢሮ ና" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እሱም እንደ አንተ ውጭ ሊማር ነው፣ ምከረው" አለ።

ልጁ በጉጉት አየኝ። "ተመለስ" ልለው ፈለግኩ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"ወፍራም ልብስ ያዝ" አልኩት።