ቦሎ አንገት ላይ

ፊኒክስ፣ አሪዞና ሹፍርና በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ «ቦሎዬ እንዴት ነው?» አሉኝ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ለእኔ ቦሎ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ነው፣ ያላሳደሰ ሰው ትራፊክ ባየ ቁጥር ልቡ ድው የሚልበት። ደንግጬ መስታወቴን አየሁ። ሰውዬው አንገታቸውን አሳዩኝ። የተጎነጎነ ጥቁር የቆዳ ገመድ፣ ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት የብር ጌጥ፣ ጫፍና ጫፉም ብር። የጫማ ክር ነው የመሰለኝ።

እዚህ ቦሎ ከረባት ነው ለካ! ያውም አሪዞና እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሕግ የግዛቷ መለያ ያደረገችው። ፊኒክስ አጠገብ ዊከንበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ የሚኖር ቪክተር ሴዳርስታፍ የሚባል ብር ሠሪ ፈረስ ሲጋልብ ንፋስ ባርኔጣውን ይወስድበታል፣ በብር ያጌጠው የባርኔጣው ጥብጣብ እንዳይጠፋበት አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል፣ ጓደኛው «አሪፍ ከረባት!» ብሎ ይቀልድበታል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጠራ መብቱን በእጁ አስገባ። ስሙ ግን የመጣው ከአርጀንቲና ነው፤ የዚያ አገር ከብት ጠባቂዎች «ቦሌአዶራ» የሚባል ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ገመድ ወርውረው የከብት እግር ይጠልፉበታል። ከረባቱ ከሴዳርስታፍ በፊትም ይደረግ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ የፈረሱን ታሪክ ወድጄዋለሁ።

ታዲያ እኔም ከአንድ የቱሪስት ሱቅ በ60 ዶላር ገዛሁ። ብር ነው፣ ድንጋዩም ቱርኩዋዝ የሚባለው ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ ነው ተባልኩ። የሐበሻ ሰርግ ላይ ዘንጬ ገባሁ። አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝና «አንተ፣ ማተብህ ደለበ እንዴ?» አሉኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

የባሰው በኋላ መጣ። ናቫሆ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆነ፣ ብር የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ከረባቴን ተቀበለኝና ፊቱን እንኳ ሳያይ ገለበጠው። የእሱ ሥራ ላይ ገመዱን የሚይዘው መቆንጠጫ ከጀርባው ተበይዷል፤ የእኔ በሙጫ ነው። የእሱ ድንጋይ ዙሪያውን በቀጭን የብር ጠርዝ ተከቧል፣ ጠርዙ በትንሽ በትንሹ እየተገፋ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፣ ጥፍር አያስገባም። ከዚያ መርፌ አግሎ የእኔን «ቱርኩዋዝ» ከጀርባው ነካ አደረገው። የተቃጠለ ፌስታል ሸተተን።

ቢሆንም አልጣልኩትም። ፊኒክስ በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሸሚዝ እስከ ላይ ቆልፎ ከረባት ማሰር ቅጣት ነው። ይሄን ወረድ አድርጌው እነዳለሁ። ተሳፋሪ «ቱርኩዋዝ ነው?» ብሎ ከጠየቀኝ ሬዲዮውን ከፍ አደርጋለሁ።