መጅ መስሎኝ የቆየው የእግሬ ኪንታሮት

ቱሉ ዲምቱ ከገባን ወዲህ ታክሲ እስክይዝ ብዙ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ስለዚ ተረከዜ አካባቢ ጠጠር ያለ ነገር ሲወጣብኝ መጅ ነው ብዬ ተውኩት። ስረግጥ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ ነው የሚመስለኝ፣ አውልቄ አራግፋለሁ ምንም የለም። ከዛ በምላጭ መላጥ ጀመርኩ፣ ይደማል ይደርቃል ተመልሶ ይመጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወራት አልፈው አጠገቡ ሌላ ሁለት ትናንሽ ወጡ። ምላጩ ራሱ ነው ያዛመተው።

በመጨረሻ አለርት ቆዳ ክፍል ሄድኩ። ዶክተሯ ላዩን ፋቅ አድርጋ "እነዚ ጥቋቁር ነጥቦች ይታዩሻል? ኪንታሮት ነው" አለችኝ። እኔ ኪንታሮት ሲባል የማውቀው የመቀመጫውን ስለነበር ደነገጥኩ። ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ አይገናኙም፣ የመቀመጫው ያበጠ የደም ስር ነው፣ ይሄኛው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ በትንሽዬ ጭረት ገብቶ ቆዳውን ከልክ በላይ ሲያሳድገው የሚመጣ ነው። ነጥቦቹን ብዙ ሰው "ሥሩ" ይላቸዋል፣ ሥር አይደሉም፣ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ስሮች ናቸው፣ ስለዚ ሥሩን ልንቀል ብላችሁ በመርፌ እንዳትቆፍሩት በናታችሁ። መጅ ከሆነ የቆዳችሁ መስመር በላዩ ያልፋል፣ ኪንታሮት ላይ ግን ይቋረጣል፣ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ስታደርጉት ያማል።

ጎረቤታችን እትዬ የቅንጭብ ወተት ቀቢው ብለውኝ ነበር። ለኔ አስበው ነው ግን አላደረግኩትም፣ ቅንጭብ ጤነኛውንም ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከነካ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው።

እኔ የታዘዘልኝ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ የሞተውን ቆዳ በእግር ድንጋይ ፈግፈግ አደርገዋለሁ (ድንጋዩን ሌላ ሰው አይነካውም)፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብቼ መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጌ በፕላስተር እሸፍናለሁ። ይሄ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ "አልሰራም" ብሎ የሚተወው እዚጋ ነው። እምቢ ካለ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝም አለ፣ እሱም ቢሆን በአንዴ አያልቅም፣ ተመላልሶ ነው። ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይደረግ በራሱ ይጠፋል። ስኳር ያለበት ሰው ግን እባካችሁ ቤት ውስጥ ምንም እንዳይሞክር፣ እናቴ ስኳር ስላለባት መድኃኒቴን ከሷ ደብቄ ነበር የማስቀምጠው፣ እግሯ ቢቆስል ቶሎ አይድንም።

ከየት እንደያዘኝ አላውቅም፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ እስኪታይ ወራት ይፈጃል። ግን በፊት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ሻወሩ የሁላችንም ነበር፣ በር ላይ ያለችዋን አንድ ነጠላ ጫማ ሁላችንም ነበር የምናደርጋት። አሁን ቤታችን ለየሰው የየራሱ ነጠላ ጫማና ፎጣ አለ።

የኔ አስረኛው ሳምንት ላይ ጠፋ። ማታ በስልኬ መብራት ሳየው ጥቁሮቹ ነጥቦች የሉም፣ የቆዳዬ መስመር ተመልሶ ቦታው ላይ አልፏል።